ኢምፕላንት ጥርስ ልታስተክሉ ነው? እባካችሁ ልኬቱ ላይ አትቸኩሉ



ዛሬ ትንሽ ከመስመሬ ወጣ ብዬ ስለ ጥርስ ላወራችሁ ነው። አስቀድሜ ልናገር፤ እኔ ጠቅላላ ሀኪም እንጂ የጥርስ ሀኪም አይደለሁም። ህክምና ትምህርት ቤት ሳለን ስለ ጥርስ የተማርነው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከጥቂት ሰዓት አያልፍም። ግን ባለፈው አንድ ዓመት አክስቴ አፍ ውስጥ የደረሰው ነገር ብዙ እንዳነብ፣ የጥርስ ሀኪም ጓደኞቼንም በጥያቄ እንዳሰለች አድርጎኛል። የራሴም ጥፋት አለበት፤ እሱንም አልደብቃችሁም። ደግሞ የዘመናዊው ኢምፕላንት አባት የሚባሉት ስዊድናዊው ፐር-ኢንግቫር ብሮነማርክ ራሳቸው የጥርስ ሀኪም አልነበሩም፤ ሀኪምና የአናቶሚ ፕሮፌሰር ነበሩ። ስለዚህ ለዛሬ ይፈቀድልኝ።

በውስጥ መስመር ስለ ኢምፕላንት የምትጠይቁኝ ሁለት ነገር ነው። "ዋጋው ስንት ነው?" እና "ብሎኑ የየት ሀገር ይሻላል? የስዊዝ ወይስ የኮሪያ?" ሁለቱም ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን እስካሁን አንድም ሰው "ልኬቱን የሚወስዱት እንዴት ነው?" ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም አክስቴን ይዤ ስሄድ አልጠየቅኩም። ልኬት የሚወሰድባት ቀጠሮ ብሎኑ ከሚተከልባት ቀን ባልተናነሰ ወሳኝ ናት፤ በተለይ ብዙ ጥርስ በአንድ ላይ ሲሰራ። እሷን ቀጠሮ ደግሞ ብዙ ጊዜ የምናጣድፈው እኛው ታካሚዎችና ቤተሰቦች ነን። የዛሬው ሀሳቤ ይሄ ነው።

አክስቴ ስልሳን ያለፈች ናት። የታችኛው መንጋጋዋ ጥርሶች አንድ በአንድ አልቀው ለዓመታት የሚወልቅ ሰው ሰራሽ ጥርስ ስታደርግ ኖራለች። ያ ጥርስ ስትስቅ ይነሳል፤ ቆሎ ስትቆረጥም ፍርፋሪው ከስሩ ገብቶ ድዷን ይወጋታል። ሰው ቤት ተጋብዛ ጥብስ ሲቀርብ "ዛሬ እንኳን ሆዴን አሞኛል" ብላ ስትሸሽ አጠገቧ ቁጭ ብያለሁ፤ ሆዷን እንዳላመማት አውቃለሁ። አሜሪካ ያለች ልጇ ይህን ስትሰማ ገንዘብ አጠራቅማ እዚሁ አዲስ አበባ አራት ኢምፕላንት አስተከለችላት። አጥንቱ ብሎኖቹን እስኪይዝ ወራት ተጠበቀ። ከዚያ የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ለሦስት ሳምንት መጣች። "ከመሄዴ በፊት እናቴ በሙሉ ጥርሷ ስትስቅ ማየት አለብኝ" አለች። ማን ይቃወማታል?

የጥርስ ሀኪሙ ቢያንስ ሁለት ተጨማሪ ቀጠሮ እንደሚያስፈልግ ነግሮን ነበር። እኛ ትኬት አሳየነው። እኔ ደግሞ "የቤተሰቡ ዶክተር" ስለሆንኩ፣ "ዶክተር፣ እባክህ በአንዴ ይለቅልን" ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። ልኬቱ ሲወሰድ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ከአፏ ሲወጣ ሮዝ ቀለም ባለው ጎማ ላይ፣ ከአንደኛው ብሎን አጠገብ የምስር ፍሬ የምታክል ጉድጓድ ነበረች። አየር ገብቶበታል ማለት ነው። ሀኪሙ እሷን አየ፣ ከዚያ እኛን አየ፣ ከዚያ "ላብራቶሪ ያስተካክለዋል" አለ። እኔም ደስ አለኝ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ደስ አለኝ!

ጥርሱ ተገጠመ፣ ፎቶ ተነሳን፣ የአክስቴ ልጅ ተሳፈረች። በሁለተኛው ወር አንድ ብሎን ላላ። ሄደን ተጠበቀ። ከአንድ ወር በኋላ ያው ብሎን እንደገና ላላ፤ አሁን ድዷም ቀላ፣ አበጠ። አክስቴ ደወለችልኝ። "ዶክተርዬ፣ አመርቅዞብኝ መሰለኝ" አለችኝ። እኔስ ምን አደረግኩ? ሳላያት በስልክ አሞክሳሲሊንና ሜትሮኒዳዞል አዘዝኩላት። ለሦስት ሳምንት ተሻላት፣ እንደገና አበጠ። እንደገና አዘዝኩ። በሁለተኛው ዙር ተቅማጥ ይዟት አራት ቀን ተኛች።

በመጨረሻ አንድ ሌላ የጥርስ ሀኪም ጋር ወሰድኳት። ሴትዮዋ ብዙ አላወራችም። ጥርሱን የያዙትን ብሎኖች በሙሉ ፈታች። ከዚያ በግራ ጫፍ ያለውን አንዱን ብቻ አጠበቀችና "ዶክተር፣ ና እይ" አለችኝ። የቀኝ ጫፍ ከኢምፕላንቱ ላይ ተነስቷል። በዓይኔ አየሁት! ራጅ ስታነሳም በብረቱና በብረቱ መካከል ጥቁር መስመር ታየ። "ይሄ ኢንፌክሽን አይደለም" አለች፣ "ይሄ ልኩ ያልሆነ ጥርስ ነው። በብሎን ጉልበት ነው ተጎትቶ የተቀመጠው። ክፍተቱ ውስጥ ምግብ ይገባል፣ ድዱ ይቆጣል።" ከዚያ ቀስ ብላ፣ "መድሀኒት ማን አዘዘላቸው?" ብላ ጠየቀች። አክስቴ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ መሬት።

እንግዲህ ነገሩን በቀላሉ ላስረዳችሁ። የብረት በር አሰርታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? በያጁ መጥቶ ልክ ይወስድና በሩን ሱቁ ውስጥ በይዶ ያመጣዋል። ማጠፊያዎቹ በኮንክሪት ምሰሶው ውስጥ አስቀድመው ተቀብረዋል። ልኩ ትንሽ ከተዛባ ኮንክሪቱ አይጠጋም፣ አይሸሽም። ሰራተኞቹ ግን በሩን ደግፈው፣ ገፍተው፣ በመዶሻ መትተው ያስገቡታል። የዚያን ቀን ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ኑሮ የምታውቁት ናችሁ፤ ሲከፈት ይንቋረራል፣ ማጠፊያው ይጎብጣል፣ አንድ ቀን ይሰበራል። የአክስቴ ጥርስ ያ በር ነው።

"የተፈጥሮ ጥርስ ላይ ድልድይ ሲሰራስ ለምን እንዲህ አይሆንም?" ትሉኝ ይሆናል። እዚህ ጋ ነው ልዩነቱ። የተፈጥሮ ጥርሳችን ከአጥንት ጋር የተጣበቀ አይደለም፤ በቀጫጭን ጅማቶች ታስሮ ነው የተቀመጠው። ስንነክስ ወደታች ከ25 እስከ 100 ማይክሮን ያህል ይጠልቃል። (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው፤ የራስ ጸጉር ውፍረት 70 ገደማ ነው ብላችሁ ያዙት።) ስለዚህ የተሰራው ነገር በትንሹ ልኩን ቢስት ጥርሱ ራሱ ትንሽ ጠጋ ብሎ ይቀበለዋል። እንደ ቆዳ ጫማ፣ ሲጠብ እያደር ይለቃል። ኢምፕላንት ግን አጥንቱ በቀጥታ ታይታኒየሙን ይዞት ስለሚድን ከ3 እስከ 5 ማይክሮን ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። አይለቅም።

ብሮነማርክ ይህን ያገኙት በ1952 በጥንቸል እግር አጥንት ላይ የደም ዝውውር ሲያጠኑ ነው፤ የተከሉትን የታይታኒየም መሳሪያ መልሰው ሊያወጡት ቢሉ አጥንቱ አልለቅም አላቸው። በ1965 ዮስታ ላርሶን ለሚባል ስዊድናዊ ጥርስ ተከሉለት፤ ሰውየው በ2006 እስኪሞት ከ40 ዓመት በላይ ተጠቅሞበታል። እንግዲህ ያ ለ40 ዓመት የማይለቅ ጥንካሬ ነው ልኬት ላይ ለተሰራ ስህተትም የማይራራው።

እሺ፣ ልኬት ሲወሰድ ምን ይፈጠራል? ኢምፕላንቱ ላይ ኮፒንግ የሚባል ትንሽ የብረት ዘንግ ይታሰራል። ከዚያ እንደ ፈረስ ኮቴ በተጠማዘዘ ትሪ ላይ ለስላሳ ሊጥ መሰል ነገር ተሞልቶ አፍ ውስጥ ይገባል፣ ይደርቃል፣ ይወጣል። ቴክኒሻኑ እዚያ ላይ ጀሶ አፍስሶ የአፋችሁን ቅጂ ይሰራል። ቴክኒሻኑ እናንተን አያያችሁም። የሚያውቀው ያንን ጀሶ ብቻ ነው። ጀሶው ላይ ያሉት ብሎኖች አፋችሁ ውስጥ ካሉት በትንሽ ቢለያዩ፣ እሱ የሚሰራው ጥርስ ጀሶው ላይ ቁጭ ይላል፣ አፍ ውስጥ ግን አይገጥምም። "ላብራቶሪ ያስተካክለዋል" የሚለው ነገር ለዚህ ነው የማይሰራው። የጎደለውን ከየት አምጥቶ ይሞላዋል? በግምት ካልሆነ በቀር።

ሊጡም የተለያየ ነው። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት በውሃ የሚበጠበጠውን ዱቄት፣ አልጂኔትን ነው። ከባህር አረም የሚሰራ፣ ርካሽ፣ ለመጀመሪያ ደረጃ ቅጂ ጥሩ። ችግሩ ውሃ ነው። ሳይሸፈን የዋለ እንጀራ ጠርዙ እንደሚጠቀለለው፣ አልጂኔትም ውሃው ሲተን ይኮማተራል፤ ጀሶው በደቂቃዎች ውስጥ ካልፈሰሰበት ልኩን ይስታል። ለኢምፕላንት የመጨረሻ ልኬት አይሆንም። ኮንደንሴሽን ሲሊኮን የሚባለው ደግሞ ሲደርቅ አልኮል ይለቃል፤ አልኮሉ ሲተን እሱም ይኮማተራል። ለኢምፕላንት የሚመከሩት ሁለቱ አዲሽን ሲሊኮንና ፖሊኢተር ናቸው። የመጀመሪያው ምንም ነገር ሳይለቅ ስለሚደርቅ ለቀናት ልኩን ይጠብቃል። ሁለተኛው ድርቅ ያለ ስለሆነ ኮፒንጎቹን አጥብቆ ይይዛል፤ ጣዕሙ ግን መራራ ነው፣ ከአፍ ሲወጣም ትንሽ ያስቸግራል። በ2008 ጆርናል ኦፍ ፕሮስቴቲክ ዴንቲስትሪ ላይ የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የገመገመ ጽሑፍ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ ሀኪማችሁ አንዱን ቢመርጥ አትከራከሩት።

አንድ የገረመኝን ነገር ልጨምር። አዲሽን ሲሊኮን ከላቴክስ ጓንት ጋር አይስማማም! ላቴክሱ ውስጥ ያለው ድኝ ሊጡ እንዳይደርቅ ያደርገዋል። ውድ የሆነው፣ በውጭ ምንዛሪ የገባው ማቴሪያል በአንድ ጓንት ይበላሻል ማለት ነው። ስለዚህ ሀኪሙ ወይ ረዳቱ ሊጡን ከማቡካታቸው በፊት ጓንት ሲቀይሩ ካያችሁ ሥራቸውን የሚያውቁ ሰዎች እጅ ላይ ናችሁ።

ግን ከማቴሪያሉ በላይ ልዩነት የሚያመጣው አወሳሰዱ ነው። ባጭሩ ሁለት መንገድ አለ። በአንደኛው ትሪው ዝግ ነው፤ ሊጡ ሲወጣ ኮፒንጎቹ አፍ ውስጥ ይቀራሉ፣ ከዚያ ተፈተው ወደ ሊጡ በእጅ ይመለሳሉ። በሁለተኛው ትሪው ከላይ ቀዳዳ አለው፤ ሀኪሙ በቀዳዳው በኩል ብሎኖቹን ይፈታና ኮፒንጎቹ ከሊጡ ጋር አብረው ይወጣሉ። የመጀመሪያው ፈጣን ነው። ያው የ2008ቱ ግምገማ እንዳሳየው ሦስትና ከዚያ በታች ለሆኑ ኢምፕላንቶች በሁለቱ መካከል ብዙም ልዩነት የለም። አራትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ግን ክፍቱ ትሪ የተሻለ ነው። አክስቴ አራት ነበራት። የተወሰደላት በዝጉ ነው፤ ምክንያቱም ቸኩለናል።

ሌላው ማሰር ነው። ሀኪሙ ኮፒንጎቹን እርስ በእርስ በጥርስ ክር ያያይዝና ክሩ ላይ ሬዚን የሚባል የሚደርቅ ፕላስቲክ ይቀባል፤ ኮፒንጎቹ ሊጡ ውስጥ እንዳይነቃነቁ። አሁን እዚህ ጋ ትዕግስት የሚጠይቅ ነገር አለ። ሬዚኑ ራሱ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ አብዛኛው መኮማተር የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ ጎበዝ ሀኪም ሬዚኑን ቀብቶ ይጠብቃል፣ በመሀል በቀጭኑ ይቆርጠዋል፣ ከዚያ ክፍተቷን ብቻ በትንሽ ሬዚን መልሶ ያገናኛታል። በሽተኛው ወንበር ላይ ሆኖ "ምነው ዝም ብሎ ተቀመጠ?" የሚልባት ሰዓት እሷ ናት። ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ልካችሁን እየጠበቀላችሁ ነው።

እንደ ሀኪም ከሁሉ የወደድኩትን ደግሞ ስሙልኝ። የታችኛው መንጋጋችን አፋችንን በሰፊው ስንከፍት ይጠባል! ጡንቻዎቹ ከሁለቱም ጎን ወደ ውስጥና ወደ ፊት ስለሚጎትቱት አጥንቱ በትንሹ ይታጠፋል። ስለዚህ የታችኛው መንጋጋ ልኬት አፍ በጣም ተበርግዶ ከተወሰደ የተጣበበ መንጋጋ ነው የሚቀዳው፤ ጥርሱ ሲገጠም ግን አፋችን ዘና ብሎ ነው የሚኖረው። "እናቴ፣ ትንሽ ዘጋ ያድርጉት፣ ዘና ይበሉ" ስትል የሰማኋት ያቺ ሁለተኛዋ ሀኪም ናት። የመጀመሪያው ቀን አክስቴ አፏን እስከ ጆሮዋ ከፍታ ነበር፤ እኔም "ጎበዝ፣ ጨምሪ" እያልኩ ሳበረታታ ነበር።

"ይሄ ሁሉ ሊጥና ክር ለምን? አሁን እኮ ስካነር አለ" የሚል አይጠፋም። አለ፤ በአፍ ውስጥ የሚገባው ካሜራ በዙሪክ በ1985 በታካሚ ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በጣም አድጓል። ማቅለሽለሽ የለውም፣ ጀሶ የለውም፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ጎረቤታም ጥርስ በጣም ጥሩ ነው። ጥርስ ሙሉ በሙሉ ባለቀበት መንጋጋ ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በስልካችሁ ረጅም አጥርን በፓኖራማ አንስታችሁ ታውቃላችሁ? ካሜራው ትንንሽ ፎቶዎችን እየቀጣጠለ ነው የሚሄደው፤ አጥሩ መጨረሻው ላይ ጎብጦ ይገኛል። ስካነሩም እንደዚያው ነው። ከአንዱ የመንጋጋ ጫፍ ወደ ሌላው ሲሄድ ትንንሽ ስህተቶች ይጠራቀማሉ፤ ድድ ደግሞ ለስላሳና አንድ ዓይነት ስለሆነ ለካሜራው ምልክት የሚሆነው ነገር አይሰጠውም። ለዚህ የሚሆን ፎቶግራሜትሪ የሚባል ሌላ መሳሪያ አለ፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ስለዚህ "እኛ በስካነር ነው የምንሰራው" የሚል ማስታወቂያ ብቻውን አያሳምናችሁ። "ለሙሉ መንጋጋም በእሱ ብቻ ነው? ከዚያ እንዴት ታረጋግጣላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ማረጋገጥ የምለው ይህን ነው። የመጨረሻው ጥርስ ከመሰራቱ በፊት ላብራቶሪው ጀሶው ላይ ያሉትን ኢምፕላንቶች የሚያያይዝ ትንሽ ድልድይ መሰል ነገር ይሰራል፤ ሀኪሙ አፍ ውስጥ ይሞክረዋል። አንድ ጫፍ ታስሮ ሌላው ጫፍ ካልተነሳ ልኬቱ ትክክል ነው። ከተነሳ ተቆርጦ አፍ ውስጥ እንደገና ይያያዝና ጀሶው ይታረማል። ይህ አንድ ተጨማሪ ቀጠሮ ነው። እኛ በትኬት አስፈራርተን ያስቀረነው ቀጠሮ ይሄ ነበር።

አሁን ሚዛናዊ ልሁን። ፍጹም የሆነ ልኬት የለም። ምን ያህል ስህተት ይፈቀዳል በሚለው ላይ ሊቃውንቱ ራሳቸው ተለያይተዋል፤ ብሮነማርክ 10 ማይክሮን ሲሉ፣ የሀገራቸው ሰው ቶርስተን የምት በ1991 እስከ 150 ማይክሮን ይቻላል ብለዋል። አስራ አምስት እጥፍ ልዩነት ነው! አጥንት ከምናስበው በላይ ይታገሳል። ብሎኖቹና ከላይ ያለው ሽፋን ግን አይታገሱም፤ ይላላሉ፣ ይሰበራሉ፣ ይሰነጠቃሉ። ደግሞ አንድ ጥርስ ብቻ ያስተከለ ሰው ይህን አንብቦ እንዳይጨነቅ። ለአንድ ጥርስ ነገሩ በጣም ቀላል ነው። የኔ ጩኸት ብዙ ኢምፕላንት በአንድ ወጥ ጥርስ ለሚያያዝላቸው ሰዎች ነው።

ሁሉንም ጥፋት ሀኪሙ ላይ እንድትጭኑም አልፈልግም። አዎ፣ ያችን ጉድጓድ ሲያይ "እንደገና እንውሰድ" ማለት ነበረበት፤ እኛ ምንም ብንል እምቢ ማለት ሥራው ነው። ግን ማቴሪያሉ ውድ ነው፣ አንዳንዴም ገበያ ላይ ይጠፋል። ልኬት በደገመ ቁጥር ከኪሱ ነው። ታካሚው ደግሞ ያጉረመርማል፤ "አይችልበትም እንዴ? ሁለቴ ወሰደብኝ" ብለን ለጎረቤት እናወራለን። እኔ አሁን ተገልብጬ ነው የማስበው። ልኬቱን አይቶ "አልወደድኩትም፣ ይደገም" የሚል ሀኪም ካገኛችሁ ያዙት። የድጋሚውን ወጪም ከመጀመሪያው ዋጋ ውስጥ አስገብቶ እንዲነግራችሁ ጠይቁ፤ ያኔ ለመድገም አያቅማማም።

በጀቱ ወይም ጊዜው ለዚህ ሁሉ የማይበቃ ሰውስ? ለታችኛው መንጋጋ ሌላ የተከበረ አማራጭ አለ። በ2002 በካናዳው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ጥርሱ ላለቀ የታችኛው መንጋጋ ሁለት ኢምፕላንት ላይ የሚቆለፍ፣ የሚወልቅ ጥርስ የመጀመሪያ ምርጫ ሊሆን ይገባል ብለው ተስማምተዋል። ማታ አውልቃችሁ ታጥቡታላችሁ፣ ቀን አይንቀሳቀስም። መቆለፊያው ትንሽ ላላ ያለ ስለሆነ የልኬት ስህተትን የበለጠ ይታገሳል። በእኛ ሀገር "የሚወልቅ" ሲባል ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። እኔ ግን በጥድፊያ ከተሰራ ቋሚ ጥርስ በጥንቃቄ የተሰራ የሚወልቅ እመርጣለሁ፤ ለራሴ እናት ቢሆንም።

ለሥራ ባልደረቦቼ፣ ለጠቅላላ ሀኪሞችም አንድ ነገር። ኢምፕላንት ያለው ሰው "አበጠብኝ" ብሎ ሲመጣ "ይነቃነቃል ወይ? ብሎን ላልቶ ያውቃል ወይ?" ብለን እንጠይቅ። የላላን ብሎን አሞክሳሲሊን አያጠብቀውም። እኔ ሞክሬዋለሁ። ትኩሳት፣ ወደ አንገት የሚወርድ እብጠት፣ አፍ አልከፈት ማለት ወይም መዋጥ መቸገር ካለ ግን የቀጠሮ ጉዳይ አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ። የላላ ጥርስ የያዛችሁ ደግሞ እባካችሁ ቤት ውስጥ በካቻቢቴ ለማጥበቅ አትሞክሩ። አትሳቁ፤ የሞከረ ሰው አውቃለሁ።

የአክስቴ ጥርስ እንደገና ተሰራ። ሁለተኛዋ ሀኪም ልኬቱን በክፍት ትሪ፣ ኮፒንጎቹን አስራ፣ ጠብቃ፣ ቆርጣ፣ አያይዛ ወሰደች። ከአፍ አውጥታ በመብራት አገላብጣ አየችና "እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንዴ እንድገመው" አለች። አክስቴ ወደ እኔ ዞራ "ምን ሆነ?" አለች በዓይኗ። "ምንም አልሆነም፣ ጥሩ ነው" አልኳት። በጠቅላላው አምስት ቀጠሮ ወሰደ፤ ገንዘቡንም የአክስቴ ልጅና እኔ ተካፍለን ከፈልን። ይኸው ሰባተኛ ወሯ ነው፤ ብሎን አልላላም፣ ድዷም ደህና ነው። ባለፈው እሁድ ቡና ላይ ቆሎውን እየቆረጠመች እኔን እያየች ትስቃለች።

ከትናንት ወዲያ ደግሞ የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ደወለች። አማቷም እዚህ መጥተው ሊያሰሩ ነው፤ አምስት ኢምፕላንት ተተክሎላቸዋል፣ የቀረው ከላይ ያለው ጥርስ ነው። "ሁለት ሳምንት ይበቃቸዋል አይደል?" አለችኝ።

ትኬቱን ገና አትቁረጪ አልኳት።